ነጩ ጋቢ እና ቀጭን ውሃ

ረቡዕ፣ ጥር 28

ልብሴን የማጥበው እኔው ራሴ ነኝ። ይኸው፣ ጻፍኩት።

የመንደሩ ሰው ዳንግላ ያለችው ልጄ ሰላም የምታጥብልኝ ይመስለዋል። እንዲመስለው ያደረግሁት እኔ ነኝ። ጋቢዬን ወንዝ ወርጄ አጥባለሁ፣ ጓሮ አደርቃለሁ፣ አጥፌ ፌስታል ውስጥ እከታለሁ። ከዚያ ሰው እያየኝ ሚኒባስ እሳፈራለሁ። ዳንግላ ደርሼ ልጄን እጠይቃለሁ፣ ምሳዬን እበላለሁ፣ ፌስታሉን ሳልፈታ ይዤው እመለሳለሁ። «ልጅ ማለት እንዲህ ናት፣ ትባረክ» ይሉኛል መንገድ ላይ። አሜን እላለሁ። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ካረፈች ወዲህ ስንት የውሸት አሜን እንዳልኩ እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው።

ወንድ ልጅ ወንዝ ዳር ተንበርክኮ ጋቢ ሲያሽ ቢታይ እዚህ አገር ምን እንደሚባል አውቃለሁ። ስለዚህ የማጥበው ከቀርከሃው ጀርባ ነው፤ ወንዙ ወደ ውስጥ የሚታጠፍበት፣ ከመንገድ የማይታይ ቦታ። የማጥበው በእንዶድ ነው። እንዶዱን አጥሩ ላይ የተከለችው ጥሩወርቅ ነበረች። ሳሙና ጋቢ ያበላሻል ትል ነበር። ታማ ስትተኛ የእሷን ልብስ ማጠብ ጀመርኩ፤ እንዴት እንደሚወቀጥ፣ እንዴት እንደሚታሽ አልጋዋ ላይ ሆና አስተማረችኝ። ከሄደች በኋላ መተው አቃተኝ። ማጠቡ ደስ ይለኛል፣ እሱንም ልጻፈው።

ዛሬ ይህን ያስጻፈኝ ግን ሌላ ነው።

ከወረዳ ባለሙያዋ መቅደስ መጣች፣ ቀጭን ውሃን ልትመረምር። ቀጭን ውሃ የምንለው ከቤተ ክርስቲያናችን ደን ሥር ፈልቆ በመንደሩ መሃል አልፎ ወደ ኮሰበር መንገድ የሚወርደው ጅረታችን ነው። እኔ የተፋሰስ ኮሚቴ አባል ነኝ። ስምንተኛ ክፍል ስለደረስኩና ከሰው ስለማልጣላ ነው የመረጡኝ። የት እንደሚከለል፣ የት ሣርና ቀርከሃ እንደሚተከል ልናቅድ ነው። ከማቀዳችን በፊት የውሃው ጤና ይታይ አለች። እኔ ቀምሳ የምታውቅ መስሎኝ ነበር።

ድንጋይ አነሳች። ከሥሩ መረብ ደገነች። በቦት ጫማዋ አፈሩን አተረማመሰችና መረቡን ውሃ ባለበት ነጭ ሳህን ላይ ገለበጠችው። ቅጠልና አሸዋ ብቻ ነው ብዬ ቀና ልል ስል አሸዋው መሄድ ጀመረ።

እንዴት ብዬ ልጻፈው። አንዱ ሦስት ጭራ አለው፣ ከክር የቀጠነ፣ በጎኑ የሚተነፍስ። አንዱ ደግሞ ከአሸዋ ቅንጣት ቤት ሠርቶ፣ ቤቱን ለብሶ ይሄዳል። አጉሊ መነጽሯን ሰጠችኝ። ቅንጣቶቹ እንደ ግንብ ድንጋይ ተመርጠው፣ ተገጣጥመው ነው የተደረደሩት። ዕድሜዬን በሙሉ ከብት ባጠጣሁበት ውሃ ውስጥ ግንበኛ ኖሯል። እኔ የአልቅት ልጅ እየመሰለኝ በእግሬ ስጨፈልቀው ኖሬአለሁ።

«እነዚህ ካሉ ውሃው ደህና ነው፣ አባቴ» አለችኝ። «ቆሻሻ አይችሉም። ውሃ ሲታመም መጀመሪያ የሚሞቱት እነሱ ናቸው።»

ሦስት ቦታ አየን። ላይ ምንጩ ሥር ሞልተዋል። ታች ጋሪ የሚሻገርበት መልካ ጋ ጥቂት አሉ። መሃል ላይ፣ ከውድነሽ የድንች ማሳ በታች፣ ሳህኑ ባዶ ሆነ። ደገመች። ሌላ ድንጋይ አነሳች። አንድ ቀይ ትል ብቻ።

የኮሚቴው ሊቀ መንበር ጥላሁን ወዲያው «የድንች መድኃኒት ነው፣ አለቀ» አለ። ውድነሽ ከባሏ ከተለያየች ወዲህ በዚያች ወንዝ ዳር ማሳ ነው ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው። ድንቹን ምች እንዳይመታው እንደምትረጭ የማያውቅ የለም። መቅደስ «በምንጩና በማሳው መካከል ያለውን ሳላይ የማን እንደሆነ አልናገርም፣ በሚቀጥለው ሳምንት እመለሳለሁ» አለች። ጥላሁን ግን ጨርሶታል። ማሳው እንዳለ ይከለላል፣ ሣር ይተከልበታል አለ።

እኔ ዝም አልኩ። የቀርከሃው መታጠፊያ ከማሳዋ በላይ ነው።

ሐሙስ፣ ጥር 29

ወደ ቀርከሃው መታጠፊያ ስወርድ መንገዱን ሁሉ ራሴን ስከላከል ነው የሄድኩት። ታች ያሉት ሴቶች በዱቄት ሳሙና ያጥቡ የለም ወይ? ያጥባሉ፣ ግን እነሱ ጋ ውሃው ሰፊ ነው፤ ነፍሳቱም አሉ። የዲከረንስ ዛፍ አክስለው የሚሸጡት ሰዎች አመድ አያወርዱም ወይ? የከሰሉ ቦታ ከኮረብታው ማዶ ነው፣ ውሃው ወደ ሌላ ወንዝ ይወርዳል። ውድነሽስ አትረጭም? ትረጫለች።

ስደርስ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። መቅደስ እንዳደረገችው ድንጋይ አነሳሁ። መረብ ስለሌለኝ የጠላ ማጥለያ ጨርቅ ይዤ ነበር፤ ሳህኑ ደግሞ የጥሩወርቅ ነጭ ቆርቆሮ ሳህን። ከመታጠፊያው በላይ፣ ከቀርከሃው ራስ ጋ፣ ባለ ሦስት ጭራዎቹ እንደ ጉድ ይሮጣሉ። ግንበኞቹም አሉ። እኔ የምንበረከክበት ድንጋይ ሥር ምንም የለም። ወረድኩ። አሁንም ምንም። የውድነሽ አጥር ከመድረሱ በፊት ያለው ውሃ ሁሉ ባዶ ነው። የእሷ መድኃኒት ሽቅብ አይፈስ።

ተቀመጥኩ።

ልጆች ሆነን፣ አልቅት በከብቶቹ አፍንጫ ሲገባ፣ አባቴ እንዶድ አስወቅጦ መጠጫው ኩሬ ውስጥ ይጨምር ነበር። በማግስቱ አልቅቱ ነጭ ሆኖ ይንሳፈፋል። ይህን እያየሁ ነው ያደግሁት። እንዶድ አልቅት እንደሚገድል የማያውቅ ልጅ በአገራችን የለም። ታዲያ እኔ አላውቅም ነበር? ወይስ ማወቅ አልፈለግሁም? ይህን ጥያቄ ሳልመልስ ነው የምተወው።

አንድ ነገር ወሰንኩ። ከእንግዲህ እንዶድ ወንዝ አይነካም። ድንጋዮቹንም በየቀኑ አያለሁ። የወሰንኩት ይህን ብቻ ነው። መናገሩን አልወሰንኩም።

አርብ፣ ጥር 30

ውድነሽ መጣች። ግቢ ብላት በሩ ላይ ቆመች።

«አያ ስሜነህ፣ እርስዎ ኮሚቴው ውስጥ ነዎት። አንድ ነገር ይበሉ እንጂ።»

ምን ልበል አልኳት።

«እውነቱን ነዋ። እኔ ስረጭ ጀርባዬን ለውሃው ሰጥቼ ነው፣ ነፋስ ሳይነሳ። ጥላሁን ራሱ አይደል እንዴ ያሳየኝ? ዛሬ መርዘኛ አደረገኝ። ያቺ ማሳ ከተወሰደች ልጆቼን ይዤ የት እገባለሁ? የወንድሜ ጓሮ ሎሌ ልሁን?»

ገና አልተወሰነም አልኳት።

«እሱስ ወስኗል። እርስዎ ሐቀኛ ነዎት፣ ሰው ይሰማዎታል። ለዚህ ነው የመጣሁት።» ልትሄድ ስትል ጋቢዬን አየችው። «ሰላም እጇ ይባረክ። እንዲህ ያለ ጋቢ የሚለብስ ባል ቢገጥመኝ እኔም ባልፈታሁ» ብላ እየሳቀች ሄደች።

አሜን አላልኩም። እንደ ድል ልቁጠረው ብዬ ነበር፤ ዝም ማለቴም ያው ውሸት ነው።

ድንጋዮቹ ሥር፦ ምንም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 1፣ ልደታ

አንድ አገኘሁ።

እኔ ከምንበረከክበት ድንጋይ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ በጣም ትንሽ፣ የሩዝ ፍሬ የማታህል፣ ሦስቱም ጭራዋ ያሉ። ከላይ ውሃው አምጥቷት መሆን አለበት። ሳህኑ ውስጥ ዞረች፣ ጠርዙን ያዘች፣ ቆመች። ሆዷ ሲተነፍስ በዓይኔ አየሁ። መነጽሬን ረስቼ ሄጄ ነው ያየሁት። ብቻዬን ስቄአለሁ። ሰው ቢያየኝ አያ ስሜነህ አበደ ይላል፤ ሽማግሌ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ ለትል ሲስቅ።

እንደነበረችበት ቀስ አድርጌ መለስኳት። ድንጋዩን በጎኑ ነው የገለበጥኩት፣ እንዳልጨፈልቃት።

ስመለስ ውድነሽን መንገድ ላይ አገኘኋት። ከኮሰበር ገበያ እየተመለሰች ነው። ጆንያው ጀርባዋ ላይ ነው፣ አልጎደለም። ድንቹን ሳትሸጥ መጣች ማለት ነው። ምን ሆንሽ አላልኩም። ሰላም ብያት አለፍኩ።

ደስታዬ እዚያው ቆመ።

እሁድ፣ የካቲት 2

ቅዳሴ ደርሼ መጣሁ። ነገሩን ከሌሎች ሰማሁ። ገበያ ላይ አንዲት የእኛው መንደር ሴት ለገዢ «ይህን አትግዢ፣ ወንዝ የገደለ ድንች ነው» ብላለች አሉ። ውድነሽ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ከግንቡ ሥር ብቻዋን ነበር የቆመችው። በፊት ሴቶቹ መሃል ነበር የምትቆመው።

እኔን ደግሞ ሌላ ነገር አገኘኝ። ጋቢዬ መጥቆር ጀምሯል፣ አላጠብኩትማ። የጎረቤቴ ሚስት ጠጋ ብላ «ሰላም ደህና አይደለችም እንዴ፣ አያ ስሜነህ?» አለችኝ። ደህና ናት አልኳት። «ታዲያ ምነው ጋቢዎ?» አለች። ሥራ በዝቶባት ነው አልኩ። በቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ ጸበል ጠጥቼ ገና አፌ ሳይደርቅ። በአንድ ውሸት ላይ ሌላ ደረብኩ።

ጥላሁን አርብ በሥላሴ ስብሰባ ጠርቷል። ሥራ በማይሠራበት ቀን ሁሉም እንዲመጣ ነው። ዕቅዱ ያኔ ይጸድቃል።

ከሰዓት በኋላ ወረድኩ። አራት ወይም አምስት ናቸው። በደንብ አልቆጠርኩም። አንዱ ግንበኛ ነው፣ ቤቱን ገና በግማሽ የሠራ።

ሰኞ፣ የካቲት 3፣ ጾመ ነነዌ ገባ

ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። ዛሬ የነነዌን ታሪክ ሲሰብኩ ዓይናቸው እኔ ላይ ያረፈ መስሎኝ አንገቴን ደፍቼ ነበር። እሳቸው ግን ምንም አያውቁም ነበር።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ማጠቤን፣ ፌስታሉን፣ አሜኑን፣ ባዶውን ድንጋይ፣ ውድነሽን። ፌስታሉ ላይ ስደርስ ፂማቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። የሳቁ መሰለኝ።

«ማጠብህ ኃጢአት አይደለም፣ ስሜነህ» አሉኝ። «የሚስትህን ልብስ ማጠብህማ ጽድቅ ነው። ሌላው ግን ሌላ ነው።»

ቀኖናዬን ይስጡኝ አልኩ። ስግደት ጠብቄአለሁ። ለስግደት ጉልበቴ ገና ደህና ነው።

«ስግደት ብሰጥህ ደስ ብሎህ ትሰግድና ተገላገልኩ ትላለህ። አልሰጥህም» አሉ። «ለእኔ ነገርከኝ፣ ደግ። የነገሩ ባለቤት ግን እኔ አይደለሁም።»

እየተበሳጨሁ ነው የወጣሁት። ይህንንም ልጻፈው። ከንስሐ ተበሳጭቶ የሚወጣ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ለሰላም ደወልኩላት። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ትስማ ብዬ። ስልኩን ይዤ ጉብታው ላይ ወጣሁ፣ እዚያ ነው ኔትወርክ ያለው።

«አባዬ፣ ምን ሆኑ? በጾም ቀን አይደውሉም ነበር።»

ነገርኳት።

«አውቃለሁ እኮ» አለች።

ምኑን አልኳት።

«ከእናንተ ሰፈር የሚመጣ ሰው ሁሉ እዚህ መናኸሪያ ሲያገኘኝ ያመሰግነኛል። የአባትሽ ጋቢ እንዴት ይነጣል፣ እጅሽ ይባረክ ይለኛል። መጀመሪያ ግራ ገባኝ። ከዚያ ፌስታሉ ገባኝ።»

ታዲያ ምን ትያለሽ ሲሉሽ አልኳት።

«አሜን ነዋ። ምን ልበል?»

ሁለታችንም ሳቅን። እኔ ስቄ ስጨርስ እሷ እያለቀሰች ነበር። «እማዬ ታማ በተኛች በስንተኛው ቀን ነው ማጠብ ያስተማረችዎት?» አለችኝ። በትክክል አላስታውስም አልኳት። እንዲህ ዓይነት ነገር ተጠያይቀን አናውቅም። ልጄን ለውሸት አሜን ዳርጌአት ኖሬአለሁ፣ ግን ዛሬ ከዓመታት ወዲህ ደህና አድርገን ያወራንበት ቀን ነው።

ድንጋዮቹን ለማየት አልወረድኩም። ነገ።

ረቡዕ፣ የካቲት 5፣ አቦ

ሞልተዋል።

ሞልተዋል ብዬ ልድገመው። እያንዳንዱ ድንጋይ ሥር አሉ። ባለ ሦስት ጭራው፣ ባለ ሁለት ጭራው (ይኼኛው ጠፍጣፋ ነው፣ እንደ ሸርጣን በጎን የሚሄድ)፣ ግንበኛው። አንዱ ቤቱን ከአሸዋ ሳይሆን ከቀርከሃ ቅጠል ቁርጥራጭ ሠርቶታል። እዚህ ቀርከሃ አለና በቀርከሃ ሠራ። እኛም ያው አይደል የምናደርገው፣ አጥሩንም ጣራውንም። ወንዙ ዳር ተቀምጬ ከእነሱ ጋ ስንት ሰዓት እንደቆየሁ አላውቅም፤ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ነው ጾም ላይ መሆኔ ትዝ ያለኝ። ውሃ እንዲህ ይድናል? ዝም ብለህ ስትተወው፣ በሳምንት?

ደስ ብሎኝ ጉብታው ላይ ወጣሁና ለመቅደስ ደወልኩላት። ሌላ ነገር ለመጠየቅ አስመስዬ ነው።

«መቅደስ ልጄ፣ እንዶድ እነዚያን ነፍሳት ይገድላል?»

«በደንብ ነዋ፣ አባቴ። ትምህርት ቤት ለቀንድ አውጣ ማጥፊያ ሲጠቀሙበት ተምረናል። ዓሣም ይገድላል። ምነው፣ በእንዶድ የሚያጥብ ሰው አለ እንዴ እዚያ?»

አፌን ከፈትኩ። ኔትወርኩ ተቋረጠ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። መልሼ አልደወልኩም።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ጠዋት እንዲህ እያልኩ ነበር፦ ውሃው ድኗል። እኔ ትቻለሁ። ከእንግዲህ ማን ምን ይጎዳል? ነገ መቅደስ ስትመጣ ሳህኑ ሞልቶ ታየዋለች፣ የውድነሽ ስም ይነጻል፣ ነገሩ በራሱ ያልቃል። ሳልናገር፣ ሳልዋረድ። ጸሎቴ የተሰማ መስሎኝ ነበር። እንዲያውም ተመስገን ብያለሁ።

ረፋድ ላይ ጥላሁን ቤቴ ድረስ መጣ። ፊቱ በርቷል።

«አያ ስሜነህ፣ ማሳው ሥር ያሉትን ድንጋዮች ገልብጬ አየሁ። ነፍሳቱ ተመልሰዋል።»

አሉ እንዴ አልኩ፤ እንዳላየሁ ሆኜ።

«ለምን እንደተመለሱ ያውቃሉ? ውድነሽ ከዚያ ቀን ወዲህ አልረጨችም። ፈርታ አቁማለች፣ ራሷ ነግራኛለች። ሳትረጭ ውሃው ዳነ። ከዚህ በላይ ማስረጃ አለ? መቅደስ ማስረጃ አምጣ ብላኝ የለ፣ ይኸው።»

ጥላሁን ክፉ ሰው አይደለም። ወንዙን ይወደዋል፣ ከእኔ በፊት የወደደው እሱ ነው። የዚህ ተፋሰስ ዕቅድ እንዲመጣ ወረዳ ድረስ የተመላለሰ እሱ ነው። ያየውን ነው የሚናገረው። ያላየውን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

እኔ የተደሰትኩባቸው ነፍሳት ናቸው እሷ ላይ የሚመሰክሩት። ዝም ብዬ ወንዙን ሳድን እሷን ቀበርኳት። ድንቹንም እንግዲህ ምች ይመታዋል፣ አልረጨችማ።

እስከ ማታ ድረስ ጸለይኩ። ምንም አልጠየቅሁም። ከእኔ ምን እንደሚጠየቅ አውቃለሁና።

አርብ፣ የካቲት 7፣ ሥላሴ

ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ፊት ለፊት ሜዳው ላይ ተሰበሰብን። ሰው ሞልቷል። ጥላሁን በአመድ ወንዙን መሬት ላይ ሣለው፤ ምንጩን፣ ደኑን በቅጠል፣ መልካውን፣ ማሳዎቹን። ጎበዝ ነው፣ ከመሬቱ ጋ አንድ ነው የሆነው። መቅደስ ጎኑ ቆማለች። ሰው እየገባ የራሱን ማሳ እየፈለገ ይስቃል። «የእኔን አጠበብከው፣ ጥላሁን፣ ለመንግሥት ልትሰጥ ነው?» ይላል አንዱ። ሽማግሌዎቹ በአዊኛ ይነጋገራሉ።

ከዚያ ጥላሁን ድንጋይ አንስቶ የውድነሽ ማሳ ላይ አስቀመጠ። «እዚህ ነው የምንከልለው» አለ።

ውድነሽ አልመጣችም። «ያለቀ ነገር ምን ልሰማ» ብላ ማሳዋ ውስጥ ናት አሉ።

ተነሳሁ። አመዱን ላለመርገጥ ዞሬ ሄድኩና ድንጋዩን ከማሳዋ ላይ አነሳሁት። ከቀርከሃው መታጠፊያ ላይ አስቀመጥኩት።

«ውሃውን የገደልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «እዚህ ጋ ጋቢዬን በእንዶድ አጥባለሁ። ከጥሩወርቅ ሞት ጀምሮ። ባዶው የሚጀምረው ከውድነሽ አጥር በላይ ነው፣ ባለፈው ሳምንት ሐሙስ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ነፍሳቱ የተመለሱት እሷ መርጨት ስላቆመች አይደለም፣ እኔ ማጠብ ስላቆምኩ ነው። ዝም ያልኩት አፍሬ ነው።»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ በአዊኛ «ጋቢውን? ራሱ?» አለ፤ ሳቁ ፈነዳ።

«ሰላምስ?» አለ ሌላው።

«ሰላም አንድም ቀን አጥባልኝ አታውቅም።»

«ታዲያ ፌስታሉ?»

«ንጹህ ይሄዳል፣ ንጹህ ይመለሳል።»

ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይንፈቀፈቃሉ። አንዷ «እንዲህ የሚያነጣ ወንድ ምን ያስደብቀዋል፣ ለባሎቻችን ቢያሠለጥንልን ነው የሚሻለው» አለች። ሳቁን ለዓመታት ነው የፈራሁት። መጣ፣ አለፈ። ወንዝ ስለመግደሌ ማንም አልሳቀም፣ እሱ ነው የከበደኝ።

ጥላሁን አልሳቀም። «እሷን ለማዳን ብለው አይደለም?» አለኝ። መቅደስ «ሄደን እንየዋ» አለች፤ ሰዉ ሁሉ ተነስቶ ወደ መታጠፊያው ወረደ። በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ የደረቀ የእንዶድ ገለባ አለ፣ ድንጋዩም ነጥቷል። መቅደስ ተንበርክካ አየችው። «የዚያን ዕለት ነግረውኝ ቢሆን ኖሮ፣ አባቴ» አለችና ተወችው። ቃሏን ብትጨርሰው ይሻለኝ ነበር።

ዕቅዱ ተለወጠ። መታጠፊያው ይከለላል። ከወንዙ ራቅ ብሎ፣ ከመልካው በላይ ባለው ደረቅ ቦታ፣ ለመንደሩ ሁሉ ማጠቢያ ይሠራል፤ እድፋሙ ውሃ ጉድጓድ ውስጥ የሚሰርግበት። ሴቶቹ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ሲለምኑት የነበረ ነው። በውድነሽ ማሳ ጠርዝ ትንሽ ሣር ይተከላል፣ እሱ ከሌሎቹ ማሳዎች እኩል ነው። ጥላሁን የማሳዋን ክልል አመድ በጫማው ጠረገው። ከዚያ ብዙም ሳያየኝ «እርስዎ ለምን አልነገሩኝም» አለ።

ስብሰባው ላይ መናገር ቀላሉ ነበር። ከዚያ ወደ እሷ ሄድኩ።

በዓል ነው፣ ግን ዶማ ይዛ ድንቹን አፈር ታስታቅፋለች። «ተወሰነ?» አለች ቀና ሳትል።

«ማሳሽ አልተነካም» አልኳት። ሳላርፍ ሁሉንም ነገርኳት፣ ቅድም እንዳልኩት። ዶማዋን አቆመች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቁት?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«ደጅዎ ቆሜ ስለምንዎትም?»

«አዎ።»

«ጆንያዬን ተሸክሜ ስመለስም? ሰላም ብለውኝ አልፈው?»

«አዎ፣ ያኔም።»

ማሳውን አየችው። ጫፍ ላይ ያሉት ቅጠሎች ጠቆር ማለት ጀምረዋል። ይቅር በይኝ አልኳት። «እሱን አሁን አይበሉኝ» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። መቆሙም መሄዱም ቸገረኝ፣ ቆምኩ።

እንደገና መቆፈር ጀመረች። አንድ ረድፍ ጨርሳ ነው የተናገረችው።

«ማጠቢያው ሲሠራ የእኔንና የልጆቼን ልብስ እርስዎ ነዎት የሚያጥቡት። በቀን፣ መንደሩ ሁሉ እያየ። ስለ ይቅርታው ከዚያ በኋላ እናወራለን።»

ቀልዷ ይሁን የምሯ አላወቅሁም፤ ፊቷን አላዞረችም። እሺ አልኳት።